ደብዛዛዋ መስመር፦ ለዌስተርን ብሎት አዲስ አበባ ድረስ?



በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ ደጎሎ ላይ ኤች አይ ቪ ተመርምሬ መስመሯ ደብዛዛ ሆነች። እንዲህ በዓይን እያዩ መናገር ያስተማምናል ወይ? አዲስ አበባ ሄጄ ዌስተርን ብሎት በሚሉት ማሽን ብታይስ?» ከመካነ ሰላምም ይጽፉልኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሰው ስለ ሕይወቱ ነው የሚጠይቀው። የኔ መልስ ግን ለዚህ ብላችሁ የትራንስፖርት ገንዘብ አታውጡ ነው።

ሲጀመር ዌስተርን ብሎት ማሽን ሳይሆን ዘዴ ነው። የቫይረሱ ፕሮቲኖች ጄል ውስጥ በኤሌክትሪክ እየተጎተቱ በክብደታቸው ይለያያሉ፤ ከዚያ ወረቀት መሰል ስስ ሽፋን ላይ ይገለበጣሉ። የተመርማሪው ሴረም በላዩ ሲፈስ፣ አንቲቦዲ ካለው ከፕሮቲኖቹ ጋር ይጣበቃል፤ የተጣበቀበት ቦታ መስመር ሆኖ ይወጣል። ስሙ ደግሞ ቀልድ ነው። ኤድዊን ሳውዘርን የተባሉ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1975 ለዲኤንኤ ተመሳሳይ ዘዴ አውጥተው ነበር፤ ስማቸው «ደቡባዊ» ማለት ስለሆነ የፕሮቲኑን «ምዕራባዊ» አሉት። ከኛ ምዕራብ ወሎ ጋር ዝምድና የለውም።

ብዙዎቻችሁ ማሽን የምትሉት የምርምር ላቦራቶሪዎች ያላቸውን ምስል ማንሻ ነው። ጨለማ ሳጥን ነው፤ ውስጡ ሆን ተብሎ የሚቀዘቅዝ ካሜራ አለ። አንቲቦዲው ላይ የተለጠፈው ኢንዛይም እጅግ ደካማ ብርሃን ይሰጣል፤ ካሜራው ያንን ለሰከንዶች ወይም ለደቂቃዎች ይለቅማል። ድሮ ይህን ሥራ የሚሠራው የራጅ ፊልም ነበር። ታዲያ ካሜራው አጭር ጊዜ ከተሰጠው ደካማው መስመር ይጠፋል። ብዙ ከቆየ ደግሞ ጠንካራውና መካከለኛው እኩል ይሆናሉ፣ ባዶው ቦታም መጥቆር ይጀምራል። ማሽኑም እንግዲህ ሰው እንዳዘዘው ነው የሚያየው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኔቸር ላይ የወጣ ዝነኛ የአልዛይመር ጥናት እንኳ የዌስተርን ብሎት ምስሎቹ ተነካክተዋል የሚል ጥያቄ ተነስቶበት በ2024 ከመጽሔቱ ተስቧል። በዚያ ላይ ለኤች አይ ቪ የሚሠራበት የዌስተርን ብሎት ኪት ብዙውን ጊዜ ባለ ቀለም ስለሆነ የሚነበበው ያው በዓይን ነው!

ደጎሎ ላይ ከጣታችሁ ጠብታ ደም ወስደው የሚሠሩት ምርመራ የዚሁ ዘዴ ዘመድ ነው። የቫይረሱ ፕሮቲን ስትሪፑ ላይ ተሰምሯል፤ አንቲቦዲ ካለ ይያዝና ቀለም ያወጣል። እንዲያውም ዌስተርን ብሎት ቫይረሱ በቅርብ የያዘውን ሰው ከብዙዎቹ ፈጣን ምርመራዎች ዘግይቶ ነው የሚያገኘው። አንዳንዴም «አልታወቀም» የሚል ውጤት ይሰጥና ሰውን ለሳምንታት እንቅልፍ ይነሳል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 አገሮች ለኤች አይ ቪ ምርመራ ዌስተርን ብሎትን መጠቀም እንዲያቆሙ የመከረው። በምትኩ ያለው ሦስት የተለያዩ ኪቶችን በቅደም ተከተል መሥራት ነው።

ወደ ደብዛዛዋ መስመር እንምጣ። በተባለው ደቂቃ ውስጥ ከታየች መስመር ናት፤ «ትንሽ ፖዘቲቭ» የሚባል ነገር የለም። ግን አንድ ኪት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ኪት የሚሠሩት ለዚሁ ነው። ካልተስማሙ ቆይታችሁ ድጋሚ ትመረመራላችሁ። ስለዚህ መጠየቅ ያለባችሁ «ማሽን አላችሁ ወይ» ብላችሁ ሳይሆን «ሦስቱም ተሠርቷል ወይ» ብላችሁ ነው።

እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። መድኃኒት የጀመረ ሰው ሌላ ከተማ ሄዶ እንደ አዲስ ይመረመራል፤ መስመሯ ደብዝዛ ወይም ጠፍታ ያያታል። «ለቆኛል» ብሎ መድኃኒቱን ያቆማል። ወገኖቼ፣ መድኃኒቱ ቫይረሱን ሲያፍነው አንቲቦዲውም ሊቀንስ ይችላል፣ በተለይ ቶሎ የጀመረ ሰው ላይ። መስመሯ የጠፋችው ቫይረሱ ከሰውነት ወጥቶ አይደለም። ሲቆም ተመልሶ ይነሳል፤ ያኔ ለትዳር አጋርም ይተላለፋል። መድኃኒት ላይ ያለ ሰው የሚያስፈልገው የቫይረስ መጠን ምርመራ ነው። ለሱም ቢሆን ደሴ የሚሄደው ናሙናው እንጂ እናንተ አይደላችሁም፤ የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ እዚያ ይሠራዋል።

ከ18 ወር በታች ያሉ ሕፃናት ደግሞ የእናታቸው አንቲቦዲ ደማቸው ውስጥ ስለሚቆይ መስመር ብትወጣም ልጁ ተይዟል ማለት አይደለም። ለነሱ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ሌላ ምርመራ አለ፤ የክትትል ቀጠሮውን አታሳልፉ።

በመጨረሻ፣ የስትሪፕ ፎቶ እያነሳችሁ የምትልኩልኝ፦ እባካችሁ ይቅርብን። የስልካችሁ ካሜራ ብርሃኑንና ቀለሙን በራሱ ያስተካክላል፤ ደብዛዛዋን ሊያጠፋትም ሊያጎላትም ይችላል። ከሰዓቱ አልፎ የተነሳ ፎቶማ ጭራሽ አይነበብም። ባለፈው የተላከልኝ ላይ የተመርማሪዋ ስም በእስክርቢቶ ተጽፎበት ነበር፤ ወዲያው አጥፍቼዋለሁ። እናንተም ከስልካችሁ አጥፉት።