የፀሐይ ኃይልና የጋሞ ቆላ ውኃ

ጥንታዊቷ ብርብር ማርያም በምትገኝበት በጋሞ ምድር የውኃ ነገር ዛሬ የተጀመረ ጉዳይ አይደለም። አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከምንጮቿ ነው፤ ከጨንቻና ከአካባቢው ደጋ ከሚወርዱት ወንዞችም ኩልፎ ወደ ጫሞ፣ ሐሬ ወደ አባያ ሐይቅ ይገባሉ። በእነዚህ ወንዞች ዳር ሙዝ የሚያለሙት ገበሬዎች፣ ከላይ ያለው ውኃውን ሲጠልፍ ከታች ያለው ማሳ እንደሚደርቅ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ቦይ በማይደርስበት ማሳ ውኃ የሚስበው ሞተር ነው። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን በሂደት ማንሣት ከያዘ ወዲህ ደግሞ የናፍጣና የቤንዚን ዋጋ ለአነስተኛ ገበሬ ከባድ ሸክም ሆኗል። በፀሐይ ኃይል በሚሠራው የውኃ መሳቢያ ላይ ተስፋ የሚጣለው ስለዚህ ነው፤ አንዴ ከተተከለ ነዳጅ አይጠይቅም፤ ቀን የሳበውን ውኃ ከፍ ባለ ገንዳ ማጠራቀም ስለሚቻልም ባትሪ የግድ አያስፈልገውም።

እኛን የሚያሳስበን ግን ይኸው ጥቅሙ ነው። ነዳጅ ገንዘብ ስለሚያስወጣ ገበሬው ማሳው ሲረካ ሞተሩን ያጠፋል። ፀሐይ ሒሳብ ስለማትጠይቅ ይህ ልጓም ይቀራል። መሳቢያው በብዛት በተሠራጨባት በሕንድ ስለ ከርሰ ምድር ውኃ መመናመን ሥጋቱ ከተነሣ ቆይቷል። በፎገራ ሜዳ የተለመደው ሩዝ ወደ ጋሞ ቆላ ቢሻገር ደግሞ ጥያቄው ይበረታል፤ ለአንድ ኪሎ ሩዝ በአማካይ 2,500 ሊትር ያህል ውኃ ወደ ማሳ ይገባልና። ማሳውን ዘወትር በውኃ ከመሸፈን ይልቅ፣ ውኃው ከመሬቱ ወለል 15 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪወርድ ጠብቆ ዳግም ማጠጣት፣ ሰብሉ በሚያብብበት ጊዜ ብቻ ሳያጓድሉበት፣ ብዙ ውኃ ያተርፋል።

ቤተ ክርስቲያናችን በቅዳሴዋ ስለ ዝናምና ስለ ወንዞች ውኃ ትለምናለች። አዳምም በገነት የተሰጠው ሥራ ማልማት ብቻ ሳይሆን መጠበቅም ነበር (ዘፍ. 2፥15)። የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ውኃን በጋራ ለማስተዳደር በር ከፍቷል፤ ሆኖም መሳቢያው ሲገዛ የሚጠይቀው ገንዘብ ብዙ በመሆኑ፣ ባለጸጋው ብቻውን ገዝቶ ከወንዙ ራስጌ ቢተክለው፣ ከግርጌ ያለችው መበለት ከቀድሞው ይልቅ ትጎዳለች። ስለዚህ መሳቢያው በግለሰብ ስም ሳይሆን በማኅበር ቢገዛ፣ የመሳቢያው ሰዓትም እንደ ቦዩ ውኃ በተራ ቢደለደል እንመርጣለን። የእርሻ መሬት ያላቸው አድባራትና ገዳማትም የራሳቸውን ከመትከላቸው በፊት ከግርጌ ያሉትን ጎረቤቶቻቸውን ይጠይቁ፤ በተለይ ወንዙ በሚሳሳበት በበጋው ወራት ስንት ሰዓት እንደሚስቡ ከእነርሱ ጋር ይስማሙ።