ልጆቹ ይንኩት

የሳይንስ ጉብኝት ሲባል አውቶቡስ፣ ሰልፍና «እንዳትነኩ!» የሚል ማስጠንቀቂያ ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል። መስከረም 2015 የተከፈተው የአዲስ አበባው የሳይንስ ሙዚየም ይበል የሚያሰኝ ነው፤ ግን ግርግር የሚያስጨንቀው ኦቲዝም ያለበት ልጅ ወይም ዓይነ ስውሯ ተማሪ በሰልፍ አልፈው ምን ይዘው ይመለሳሉ? ቦሌ ቡልቡላ ላይ ከኮንዶሚኒየሙ አለፍ ሲሉ የሚገኘው ጥቁር ዋልካ አፈር ራሱ ቤተ ሙከራ ነው። እፍኝ ያህል አርጥበው ሲያሹት እንደ ሊጥ ይለጠጣል፣ ጣት ላይ ተጣብቆ አልላቀቅም ይላል፤ በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር ሸክላ በውስጡ አለና። መሠረቱ በደንብ ያልተያዘ ቤት ግድግዳው የሚተረተረውም በዚሁ ሰበብ ነው። ይህን ለመረዳት ዓይን የግድ አይደለም፤ በሕፃንነቱ ዓይኑን ያጣው የሆላንድ ተወላጅ ኺራት ቨርሜይ ዛጎል በጣቱ እየዳሰሰ ስመ ጥር የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪ ሆኗል። ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን ካጸደቀች ከ2002 ጀምሮ አካታች ትምህርት ግዴታዋ ነው። ስለዚህ ቡድኑ ትንሽ፣ ጉዞው አጭር ይሁን፤ መምህሩ ቦታውን ቀድሞ ይየው፤ ልጅ ሲጨንቀው የሚያርፍበት ጥላ ይዘጋጅ። ወላጅም ዩኒፎርሙ ጭቃ ለብሶ ሲመጣ አይቆጣ።