የአረጋውያን ድምፅና የመታወቂያ ወረቀት

አባትንና እናትን ማክበር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ምግባቸው፣ ስለ ልብሳቸውና ስለ መድኃኒታቸው ነው። የሸመገለ ሰው ግን ከዚህም በላይ የሚሻው ነገር አለው፤ ይኸውም ከሰው ተቆጥሮ ቃሉ መሰማቱ ነው። ልጆቻቸውን ተከትለው አሜሪካ የገቡና የዚያን አገር ዜግነት ያገኙ ወላጆች በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ ስላሉ፣ በዚህ ወር ስለ ድምፃቸው ጥቂት ልናወጋችሁ ወደድን።

ኢንዲያና በምትባለው የአሜሪካ ግዛት፣ በሳውዝ ቤንድ ከተማ አጠገብ፣ አንድ የካቶሊክ ደናግል ገዳም አለ። ሚያዝያ 28 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 6 ቀን 2008፣ የፓርቲ እጩዎች የሚለዩበት ምርጫ ሲደረግ፣ በዚያው ገዳም ወደ ተቋቋመው ጣቢያ 12 ያህል መነኮሳይያት ድምፃቸውን ሊሰጡ ቀረቡ። ሁሉም ከ80 ዓመት ያለፉ ነበሩ፤ አንዲቱም 98 ዓመት ሞልቷቸው ነበር። አስመራጪቱ ከዚያው ማኅበር የሆኑ እኅት ስለ ነበሩ የመጡትን ያውቋቸዋል። ነገር ግን መነኮሳይያቱ መኪና አይነዱምና መንጃ ፈቃድ የላቸውም፤ አንዳንዶቹ ይዘውት የመጡት ፓስፖርትም ጊዜው ያለፈበት ነበር። ስለዚህ የሚያውቋቸው እኅት ራሳቸው ድምፅ ሳያሰጡ መለሷቸው።

ይህ የሆነው በክፋት አይደለም። ግዛቲቱ በ2005 (ከዚህ ወዲያ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጣችው ሕግ፣ በጣቢያ የሚመርጥ ሁሉ ፎቶግራፍ ያለበትና ጊዜው ያላለፈበት የመንግሥት መታወቂያ እንዲያሳይ አዝዛ ነበር። ዐላማው አንዱ በሌላው ስም እንዳይመርጥ መከልከል ነው። ምርጫው ሊደረግ ስምንት ቀን ሲቀረው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ6 ዳኞች ድምፅ ለ3 ሕጉን አጸናው። ሆኖም ዋናውን አሳብ የጻፉት ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ፣ በቀረበው መዝገብ ውስጥ እንዲህ ያለ ማታለል በኢንዲያና መፈጸሙን የሚያሳይ ማስረጃ እንደሌለ ሳይገልጹ አላለፉም።

እንግዲህ ይህን ነገር አሳዛኝ የሚያደርገው ሌላ በር ክፍት የነበረ መሆኑ ነው። በዚያችው ግዛት 65 ዓመት የሞላው ሰው በፖስታ መምረጥ ይችላል፤ በዚያን ጊዜም በፖስታ ለሚመርጥ የፎቶግራፍ መታወቂያ አያስፈልገውም ነበር። መነኮሳይያቱ አስቀድመው ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ከክፍላቸው ሳይወጡ ድምፃቸውን በሰጡ ነበር። ከ2023 ወዲህ ግን ይህ በር ጠበብ ብሏል፤ በማመልከቻው ላይ የመታወቂያ ወይም የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር መጻፍ፣ አለዚያም የመታወቂያውን ቅጂ ማያያዝ ግድ ሆኗል። ማመልከቻው ከምርጫው 12 ቀን በፊት፣ የተሞላው ወረቀት ደግሞ በምርጫው ዕለት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ድረስ መድረስ አለበት። ከአልጋ ለማይነሣም ከሁለቱ ፓርቲዎች የተውጣጡ ሁለት ሰዎች ወረቀቱን እቤቱ ድረስ ይዘውለት ይመጣሉ።

ደግሞም ግዛቱ ሁሉ አንድ ሕግ የለውም። በቴክሳስ 70 ዓመት የሞላው ሰው ጊዜው ያለፈበትን መታወቂያ በጣቢያ ማሳየት ይፈቀድለታል። በዚያው በቴክሳስ ግን በ2021 በወጣው ሕግ መሠረት በፖስታው ላይ የሚጻፈው ቁጥር በመዝገብ ካለው ጋር መስማማት ስላለበት፣ በማርች 2022 በተደረገው ምርጫ በፖስታ ከተላኩት ድምፆች ከስምንት አንድ ያህሉ ሳይቆጠሩ ቀርተዋል። ስለዚህ በዳላስ ያለ ዘመድ የነገረን ለኢንዲያናፖሊስ አይበቃም።

ይልቁንም የእኛ አረጋውያን ልዩ ችግር አለባቸው። እኛ የቤተ ሰብ ስም የለንም፤ በአንዱ ወረቀት የአባት፣ በሌላው የአያት ስም እንደ መጨረሻ ስም ይጻፋል። በላቲን ፊደል ሲጻፍም አንዱ ስም ሁለትና ሦስት መልክ ይይዛል። የልደት ቀንም በእኛና በእነርሱ አቆጣጠር መካከል ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይለያያል። እንዲህ ያለው ልዩነት የሚታረመው በምርጫው ማለዳ ሳይሆን ከወራት በፊት ነው።

ነገር ግን ልጆች ሲረዱ ከሌላ ስሕተት ይጠንቀቁ። አንዲት የምናውቃቸው እናት፣ ልጃቸው የድምፅ ወረቀቱን በራሱ ምርጫ ሞልቶ «እዚህ ላይ ፈርሚ» ቢላቸው፣ «ልጄ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል እንጂ አሳቤ አይንቀጠቀጥም» ብለው መለሱለት። ልጁም አፍሮ አዲስ ወረቀት ጠየቀላቸው፤ እያነበበም፣ እርሳቸው የነገሩትን ብቻ ምልክት አደረገ። የአሜሪካ ሕግም ከ1982 ጀምሮ ማየት ወይም ማንበብ የማይችል ሰው፣ ከአሠሪውና ከሠራተኛ ማኅበሩ ወኪል በቀር፣ የፈለገውን ረዳት እንዲመርጥ ይፈቅዳል። ረዳቱ የሚያበድረው ዐይኑንና እጁን ነው እንጂ ፈቃዱን አይደለም።

በባዕድ አገር ያላችሁ ልጆች ሆይ፣ ከዚህ ሳምንት አንዱን ምሽት ለዚህ ነገር ስጡ። የወላጆቻችሁን መታወቂያ፣ የዜግነት ወረቀትና የመራጭነት ምዝገባ በገበታ ላይ ጎን ለጎን አኑሩ፤ ስሙን፣ ቁጥሩንና ቀኑን አስተያዩ። የጎደለውን ከሞላችሁ በኋላ ማንን እንደሚመርጡ አትጠይቋቸው፤ ያ የእነርሱ ምስጢር ነውና።