የሁለት ሰው ዕረፍት፣ የሰባት ቤት ግብር

ከውጭ የመጡ ባልና ሚስት «ዕረፍታቸውን ከቤተ ዘመድ ጋር አሳለፉ» ሲባል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ምኑን አሳለፉት? ተበሉ እንጂ! የበላናቸውም እኛ ነን። ይህን የምለው ባዳ ሆኜ አይደለም። ፍኖተ ሰላም ተወልጄ ያደግሁ፣ ቡሬ አማች ያለኝ፣ ሻንጣ ሲከፈትም ሳሎን መሀል ቦታ የማላጣ ሰው ነኝ። ይህን አንብቦ የሚያኮርፍ ዘመድ ያኩርፍ፤ ለፋሲካ እንታረቃለን።

እስቲ መጀመሪያ ይዘውት ስለሚመጡት ጊዜ እንነጋገር። የእኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ ዓመት ያገለገለን ሠራተኛ ቢያንስ 16 የሥራ ቀን ከነደመወዙ ያሳርፋል። የአውሮፓ ኅብረት አራት ሳምንት ግዴታ አድርጎታል። ያ ሁላችንም የምንመኘው አሜሪካ ግን አሠሪ የሚከፈልበት የዓመት ፈቃድ እንዲሰጥ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለውም። አሠሪው ደስ ካለው ይሰጣል፤ ካላለው «መሄድ ትችላለህ፣ ደመወዝ ግን የለም» ይላል። እናም እዚያ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጣ ሌሊቱን አረጋውያን ስትንከባከብ የምታድረው የወንድሜ ሚስት፣ ቀን መኪና ማቆሚያ ውሎ ማታ ኡበር ከሚነዳ ባሏ ጋር በአንድ ጊዜ ፈቃድ የምታገኘው የሰው ፈረቃ ሸፍና፣ በዓል ሠርታ፣ አለቃ ደጅ ጠንታ ነው። ወንድሜና ሚስቱ ዓመቱን ሙሉ የሚተያዩት በር ላይ ነው፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ሲወጣ። አብረው ተቀምጠው ቁርስ የሚበሉበት ጊዜ ቢኖር ይኸው ፈቃድ ነው። የምንቀማቸውም እሱን ነው።

ሻንጣውን እዩት። አየር መንገዳችን ከአሜሪካ ለሚነሳ የኢኮኖሚ መንገደኛ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይፈቅዳል። የባልና የሚስት ሲደመር 92 ኪሎ ነው። ከዚያ ውስጥ የራሳቸው ልብስ ስንት ኪሎ ይመስላችኋል? የወንድሜ ሚስት ቅያሪዋን በእጅ ቦርሳ ይዛ ነው የመጣችው። የቀረው የእገሌ ስልክ፣ የእገሊት የስኳር መለኪያ ከነመርፌው፣ ፎቶው በቴሌግራም ተልኮ የታዘዘ ጫማ፣ ቫይታሚን፣ ሽቶ፣ ደግሞ ቫይታሚን ነው። ጫማው የጠበበው ሰው ታዲያ በማን ይናደዳል? በእሷ!

ፍኖተ ሰላም ሲገባ ዕረፍቱ በለቅሶ ይጀመራል። እነሱ ባልነበሩበት ዘመን የሞተ ሁሉ ይጠብቃቸዋል፤ ከቤት ቤት እየዞሩ፣ ነጠላ እያዘቀዘቁ፣ ያረጀ ሐዘን እየቀሰቀሱ ማልቀስ ነው። ተዝካሩም እነሱ እስኪመጡ ተይዞ ቆይቷል፤ መቼም ፍሪዳው በዶላር ሲገዛ ለነፍስ የበለጠ ይደርስ ይመስል። ከዚያ የደብሩ ኮሚቴ ደረሰኝ ይዞ ይመጣል። በወሰን የተጣሉ ወንድማማቾች ሽማግሌ ሁኑን ይላሉ። የአክስት ልጅ ቡሬ ከአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አጠገብ «የሚያዋጣ ነገር» አይቷል፤ የጎደለው ብር ብቻ ነው። አንዲት እናት አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ልጇን እጅ ይዛ «ይችን ውሰዱልኝ» ትላለች። ማታ ሁለቱ ሲተኙ ስለ ራሳቸው የሚነጋገሩበት ትንፋሽ አይተርፋቸውም። በዚያ ላይ አንድ መኝታ ቤት ለእነሱ ብቻ መያዝ ነውር ነው ተብሎ ሁለት ሕፃን እግራቸው ሥር ይነጠፍላቸዋል።

ይህ ሁሉ ባልን ያደክማል። የሚስትን ያህል ግን አይደለም፤ ምራት ናታ! ጎጃም ጦርነት ሳይመጣ በነበረው የታኅሣሥ ጉዟቸው የሆነውን አልረሳም። በርበሬ የደረሰበት ወቅት ነበር፤ ግቢው በሙሉ ዛላ ተሰጥቶበት ቀልቷል። አሥራ ሦስት ሰዓት ግድም በረራ፣ ከዚያ የመኪና መንገድ አልፋ የመጣችው ሴት በማግስቱ ጠዋት ዱካ ተሰጣትና ከሴቶቹ ጋር ዛላ ቀንጣሽ ሆነች። ማንም ቀንጥሺ አላላትም። ይህ ነው ክፋቱ! ባትቀመጥ ግን «ፈረንጅ ሆነች» እንደምትባል ታውቃለች። እጇ ዓመቱን ሙሉ በጓንትና በሳኒታይዘር የተላጠ ነው፤ በርበሬው ስንጥቁ ውስጥ ገባ። ዓይኗን በክንዷ እያሸች፣ እያስነጠሰች፣ እየሳቀች ትቀነጥሳለች። ቤተ ዘመዱ ከበረንዳው ሆኖ «ልጅቱ እኮ ምንም አልተቀየረችም!» ይላል። ማታ መዳፏን ዘይት ቀብታ አልጋ ጠርዝ ላይ ስትነፋ አገኘኋት። «አይዞሽ እታለም» ከማለት በቀር የምለው አጣሁ። ባሏ በዚያ ሰዓት ከጓደኞቹ ጋር አረቄ ላይ ነበር።

አዎ፣ ወንድሜን አልምረውም። ሲልቨር ስፕሪንግ መኪና እንደሚያቆም የማይናገር ጀግና፣ እዚህ ሲመጣ ሦስት ሳምንት ጌታ ይሆናል። ጠያቂ ሲበዛበት ደረቱ ይነፋል። «ችግር የለም» ማለት ለእሱ ቃል ነው፤ ችግሩን የምትሸከመው ሌላ ናት። የተመለሱ ዕለት የክሬዲት ካርዱን ዕዳ ለመክፈል ተጨማሪ ሌሊት የምትገባውም እሷው ናት።

እናቷና አባቷ ቡሬ ናቸው። ከፍኖተ ሰላም በመኪና ግማሽ ሰዓት ግድም ቢሆን ነው። ያችን አጭር መንገድ ለመሄድ ግን ስንት ልመና! ዛሬ ለቅሶ አለ፤ ነገ የንስሐ አባት ይመጣሉ፤ ከነገ ወዲያ ማኅበር ነው። በመጨረሻ ሲፈቀድ ሚኒባስ ተኮናትሮ የባል ወገን ግማሹ «እናጅባችሁ» ብሎ ተሳፈረ። ማንኩሳ ስንደርስ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በልቦለዳቸው በዛብህን ያስወለዱባት አገር ናትና፣ ጥቂት ወርዳ ለማየት ጠየቀች። ባሏንም ያን መጽሐፍ አብረን እናንብበው ስትለው ነው የኖረችው። «ሰው ይጠብቃል፣ ስንመለስ» ተባለች። ስንመለስ መሽቶ ነበር።

ቡሬ እናቷ በግ አሳርዳ፣ ጠላ ጠምቃ፣ በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ልጇን አቅፋ ሳትጠግብ አማቾቿን ማስተናገድ ጀመረች፤ እንግዳ ነንና ቅድሚያው ለእኛ ነው። እናትና ልጅ ለብቻቸው የቆዩት ማጀት ውስጥ ወጡ እስኪወጣ ድረስ ነው። እሱንም አንዲት አክስቴ «ምን ላግዛችሁ?» ብላ ገብታ አፈረሰችው። በስልክ የማይባል የስንት ዓመት ጉዳይ ነበራቸው። ሁለቱም ዝም ብለው ሽንኩርት ላይ ያጎነበሱትን አይቻለሁ። ምሳ ተበላ፣ ቡና ተፈላ፣ «ሳይመሽ እንነሳ» ተባለ። ለዚያች እናት ከዚያ ሁሉ ዕረፍት የደረሳት አንድ ከሰዓት ነው፤ እሱም በምስክር ፊት።

ከዚያ ወዲህ ጦርነቱ መጣ፤ ዘመኑ ከፋ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን አንድ የሆስፒታሉ ኃላፊ ለዜና ሰዎች ተናገሩ። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ሰነበተ። ወደ ጎጃም መግባት የማይችል ባልና ሚስት አዲስ አበባ ቤት ይከራያል፤ ቤተ ዘመዱም እየተሻገረ እዚያው ይሰፍራል። ተኩስ ሸሽቶ ለመጣ ወገን በር መክፈት ግዴታ ነው፤ በእሱ ላይ ቃል አልናገርም። እኔ የምናገረው ስለ ሌላው ነው፤ ስለዚያ ሰሚትና አያት የራሱ ቤት እያለው ፍራሽ ላይ ሊያድር ስለሚመጣው፣ ቲኬቱን፣ ምግቡን፣ የሐኪም ቤቱን፣ የመመለሻውን ሁሉ ስለሚያስከፍለው። እንግዶቹ ራሳቸው አስተናጋጅ ሆነው ዐረፉት።

«ለእነሱ እኮ ምንም አይደለም» ይባላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ጀምሮ ቤተ ዘመዱ ሁሉ በቃሉ ያባዛል፤ አንድ ዶላር ስንት ብር እንደሆነ ሕፃኑ ሳይቀር ያውቃል። አንድ ዶላር የስንት ደቂቃ እንቅልፍ ዋጋ እንደሆነ ያባዛ ግን አላየሁም።

ውለታ አለባቸው የሚለውን አልክድም። ወንድሜን ያስተማረው የበርበሬና የበቆሎ ገንዘብ ነው፤ አጎቶቼ በሬ ሸጠው ነው አዲስ አበባ የላኩት። ይህ ሐቅ ነው። ግን ያ ውለታ በየወሩ በባንክ እየተከፈለ ነው፤ የእናቴ መድኃኒት፣ የሁለት ልጆች ትምህርት፣ የቤቱ ቆርቆሮ ምስክር ነው። ትዳራቸውን ግን ማንም አላበደራቸውም፤ ለማንም ሊከፍሉት አይገባም።

እናም እናንተ ባልና ሚስት ስሙኝ። በዚህ ዓመት ቲኬት ስትቆርጡ ለዘመድ የምትነግሩት ቀን ከእውነተኛው ቢያንስ አንድ ሳምንት ይዘግይ። ቦሌ ስትወርዱ ማንም አበባ ይዞ አይጠብቃችሁ። ቢሾፍቱ ሂዱ፣ ሐዋሳ ሂዱ፣ ስልካችሁን አጥፉና እስኪበቃችሁ ተኙ። ከዚያ የሚስት እናት ትምጣ፤ ለብቻዋ፣ ያለ አጃቢ። እኛ በኋላ እንደርሳለን። የውሸቱን ኃጢአት እኔ እሸከማለሁ። ለእኔም ቢሆን እውነተኛውን ቀን እንዳትነግሩኝ።