ሂሳቡ ይነበብ

ኮሶዬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወጣው መንገድ ላይ ገደል አፋፍ ያለች ብርዳም መንደር ናት። አስፋልቱ ዳር ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ቴሌብርም እሠራለሁ፤ የዕድራችንም ገንዘብ ያዥ ነኝ። የመንደሩ ብር ሲመጣም ሲሄድም ስለማየው፣ በስልክ ስለሚሰበሰበው እርዳታ የምለው አለኝ።

በ2016 ዓ.ም. የጎረቤቴ ልጅ ታመመች። ስምንተኛ ክፍል ነበረች። ጉሮሮዋን ሲያማት “ቶንሲል ነው፣ ይለቃታል” እየተባለ ቆይቶ በሽታው ልቧ ላይ ወጣ። ከምንጭ ውሃ ቀድታ ዳገቱን ስትወጣ ሦስት ቦታ ትቀመጥ ነበር። ጎንደር ሲያዩዋት የልቧ ቫልቭ ተጎድቷል አሉ። ለቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ወረፋው ረጅም ነው፤ ውጭ አገር ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። አሜሪካ ያለችው አክስቷ ጎፈንድሚ የሚባለውን የኢንተርኔት መዋጮ ገጽ ከፈተችላት። ፎቶውን ያነሷት እኔው ሱቅ በር ላይ ነው፤ የእናቷን ነጠላ ለብሳ።

ሰው ደግ ነው፣ ብሩ ተዋጣ። ግን ኮሶዬ አልመጣም። ጎፈንድሚ ኢትዮጵያ ላለ የባንክ ሂሳብ አይከፍልም፤ ስለዚህ ገንዘቡ እዚያው በአክስቷ ስም ተቀመጠ። እዚያ ከ100 ዶላር ስጦታ ላይ 3 ዶላር ከ20 ሳንቲም ለማስተላለፊያ ይቆረጣል። በክልላችን ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ተዘግቶ ስለነበር ገጹን ያየ ሰው መንደር ውስጥ የለም፤ የሚደርሰን ወሬው ብቻ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይተመን ሲባል 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ አለፈ። በዚያው ልክ ወሬውም አበጠ። ሰው ሱቄ በር ላይ ቆሞ ዶላሩን በብር ያባዛል፤ “እናትየው ሚሊየነር ሆናለች” ይላል። እሷ ግን ለልጅቷ ስኳር በዱቤ ነበር የምትወስደው፤ ደብተሬ ላይ አለ። ከቡና ቀረች። ዕድር ስትመጣም ከበሩ አጠገብ ትቀመጥ ጀመር።

አንድ ማታ የአክስቷን ስልክ ተቀብዬ ደወልኩ። “እህቴ፣ የገባውንና የወጣውን ንገሪኝ” አልኳት። አለቀሰች፤ እሷም የሚጠይቃት አጥታ ኖሯል። ለሆስፒታል የከፈለችውን፣ ለቲኬት ያስቀመጠችውን፣ የተቆረጠውን አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ ደረሰኞቹንም ሰው ስትልክ ሰደደችልን። በዕድራችን ቀን ዳኛው ፊት ቆሜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ማንም ምንም አላለም። አንድ ሽማግሌ ብቻ ተነሥተው “እናቷ ወደፊት ትምጣ፣ ቦታዋ እዚህ ነው” አሉ። ልጅቷ ታክማ ዛሬ ዳገቱን አንዴም ሳትቀመጥ ትወጣዋለች።

ለዚህ ነው የስልክ መዋጮ ወደፊት የሚቆመውም የሚወድቀውም በሂሳቡ ነው የምለው። መስጠቱንማ ማን ያስተምረናል? የእኛ የወገራ ገብስ ዛሬም በደቦና በወንፈል ይታጨዳል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ መሠረት ሲጣል እኔም ቦንድ ገዝቻለሁ፤ ወረቀቱ ሳጥኔ ውስጥ አለ። ለግድቡ 8100 ላይ መልእክት ያልላከ ጎረቤትም አላውቅም። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ በቴሌቪዥን ያየሁት የራሴን ብር ነው። የሰጠ ሰው ብሩ የት እንደገባ ሲያይ ደግሞ ይሰጣል።

ልጄ ያነበበችልኝ አንድ የአሜሪካ ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. በ1885 ለኒውዮርኩ የነፃነት ሐውልት መቆሚያ ገንዘብ አጠረ። ጆሴፍ ፑሊትዘር የሚባል ሰው ምንም ያህል ትንሽ ቢሰጥ የእያንዳንዱን ሰጪ ስም በጋዜጣው እንደሚያትም ቃል ገባ። ከ160,000 በላይ ሰው ከ100,000 ዶላር በላይ አዋጣ። ስም እየጠሩ መመዝገብ የእኛም ዕድር ወግ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አሜሪካ አክስት የሌላት ልጅስ? ከገደሉ ሥር፣ ቆላው ውስጥ፣ ያው ጉሮሮ የሚያማት አለች፤ ገጽ የሚከፍትላት የለም። ስለዚህ ቴሌብርም ባንኮቻችንም የመዋጮ ሂሳብ የሚባል ነገር ይክፈቱልን። በሦስት ሰው ስም ይሁን፦ አንድ ከቤተሰብ፣ አንድ ከዕድር፣ አንድ ከጤና ጣቢያ። የገባውንም የወጣውንም የሰጠ ሁሉ በስልኩ ይይ። የሕክምናው ክፍያ ቀጥታ ለሆስፒታሉ ይሂድ። የተረፈው ለማን እንደሚሆን መዋጮው ሳይጀመር ይጻፍ፤ ከሞት በኋላ በተረፈ ብር የተጣላ ቤተሰብ አይቻለሁና። የታመመ ልጅ ደረት ገልጦ ቪዲዮ መቅረጽም ይቅር፤ የሐኪም ወረቀት ይበቃል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ከአምባ ጊዮርጊስ መጣ። ወንድሙ ኩላሊቱን ይታጠባል። ስልኩን አውጥቶ “እትዬ፣ አካውንቱን ሱቅሽ ላይ ለጥፊልኝ” አለኝ። እለጥፋለሁ፣ መጀመሪያ ግን ሦስት ሰው ይዘህ ና አልኩት። ከመደርደሪያው አንድ ደብተር አውርጄ “ገቢ”፣ “ወጪ”፣ “ቀሪ” ብዬ አሰመርኩለት። የመጀመሪያውን 200 ብር እኔ ሰጠሁ፤ ስሜን በራሱ እጅ ጻፈው። እሑድ ከዕድሩ ዳኛ ጋር እመለሳለሁ ብሎ ሄዷል።