ምግቡ እንዴት ነበር?

እናላችሁ ረቡዕ ዕለት አራት ሆነን ቦሌ አካባቢ ወደተከፈተ አንድ አዲስ ምግብ ቤት ጎራ አልን። ስሙን አንጠራም፤ ለምን እንደማንጠራ ትንሽ ቆይታችሁ ትረዱናላችሁ። ከአራታችን ሁለቱ ጾመኞች ናቸው፣ አንዱ ሙስሊም ነው፣ አንዷ ደግሞ የሚጾሙት ሲጾሙ የምትጾም፣ የሚበሉት ሲበሉ የምትበላ ናት (እንዲህ ብላችሁ ጻፉ ያለችን ራሷ ናት)። እንደኛ ዓይነት የተደባለቀ ጓደኝነት ያለው የአዲስ አበባ ልጅ ረቡዕና አርብን ይወዳቸዋል። ሥጋ ሲሆን የክርስቲያን፣ የሙስሊም ተብሎ ትሪው ለሁለት ይከፈላል። ሽሮ ግን ማንንም አይለይም።

ስለዚህ የጾም በያይነቱና ተጋቢኖ አዘዝን። ተጋቢኖው እየተንተከተከ መጣ። ቀድማ የጎረሰችው ጾመኛዋ ጓደኛችን አፏ ውስጥ እንደያዘችው ቀጥ አለች። ሶፍት ፈልጋ ተፋችው። ቅቤ!

«ቅቤ አለው እንዴ?» አልነው አስተናጋጁን።

«ኧረ የጾም ነው!» አለን፤ ደግሞ ከልቡ ነው። ኪችን ደርሶ ሲመለስ ፊቱ ተቀይሯል። «ጭልፋው ነክቶት ይሆናል ነው የሚሉት» አለን ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት ነበረብን። አላልንም። ጓደኛችን እንጀራዋን በቀይ ሥር እያጣቀሰች ጨረሰች፣ እኛም ተጋቢኖውን እየሸሸን በላን። ሒሳብ ሲመጣ ልጁ እጁን ወደኋላ አጣምሮ «ምግቡ እንዴት ነበር?» ብሎ ጠየቀን። አራታችንም በአንድ ድምፅ «በጣም ጥሩ ነበር! እናመሰግናለን!»

በሩን ሳንሻገር ጀመርን። ከቦሌ እስከ መገናኛ ታክሲ ውስጥ ያንን ቤት እንዴት አድርገን እንደዘለዘልነው አትጠይቁን። ረዳቱ ራሱ በመጨረሻ «የት ነው ቤቱ? እንዳልሄድ» አለን።

ጎበዝ፣ የዚህ ከተማ ተመጋቢ ሁለት አፍ አለው። አንዱ ለአስተናጋጁ ነው፤ ሁሌም «ጥሩ ነበር» ይላል። ሁለተኛው ለታክሲ፣ ለቢሮና ለቴሌግራም ነው፤ እሱ እውነቱን ይናገራል፣ ግን ለማይመለከተው ሰው ነው የሚናገረው። ወጡን የሠራው ሰውዬ ግን እስከዛሬ ጎበዝ ባለሙያ የሆነ ይመስለዋል። ማን ነግሮት ይወቅ?

እኛም ዛሬ የታክሲውን አፍ ወደ ጠረጴዛው ልናመጣው ነው። ሰሞኑን ከተማውን ዞረን የበላነውን እንናገራለን። የቤቶቹን ስም የማንጠራው ፈርተን አይደለም። ፊት ለፊት ያልነገርነውን ሰው በአደባባይ መክሰስ ነውር ስለሆነብን ነው።

ከሜኑ እንጀምር። ሃያ ሁለት አካባቢ የገባንበት ቤት ሜኑው እንደ መጽሐፍ ይገለጣል። «ላዛኛ አለ?» «አልቋል።» «ዓሣ ጉላሽስ?» «ዛሬ አልገባም።» «ሩዝ በአትክልት?» «የሚሠራው ልጅ ዕረፍት ነው።» «እሺ ምን አለ?» «ጥብስ ይሁንላችሁ?» ይሁንልን! ግን ጥብስ ብቻ ከሆነ ያላችሁ በር ላይ «ጥብስ ቤት» ብላችሁ ጻፉና እኛም ተስፋ አናድርግ። ዋጋው ደግሞ ተለጣፊ በተለጣፊ ላይ ተደርቦ እንደ አሮጌ ግድግዳ ወፍሯል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዘይቱም ሽንኩርቱም የት እንደደረሰ እኛም ቤት አለን፣ እናውቃለን። በዋጋው አንቀየምም። የተቀየምነው የሌለ ምግብ ዋጋው ሲጨምር አይተን ነው።

ሳሪስ ክትፎ ለብ ለብ አዝዘን ብስል መጣልን። በላነው። ገርጂ ሙዚቃው ከፍ ከማለቱ የተነሳ ለአስተናጋጇ ያዘዝናት በምልክት ነው፤ ያመጣችውም ያላዘዝነውን ነው። በላነው። አራት ኪሎ የሽንት ቤቱን ቁልፍ ከካሸሯ ተቀብሎ፣ ከትልቅ እንጨት ጋር የታሰረውን ቁልፍ በምግብተኛው መሀል ይዞ መሄድ… ይሄንን እንለፈው።

ማኪያቶ ላይ ግን ኮፍያችንን እናነሳለን። የትም ሰፈር፣ በቆርቆሮ በታጠረች ቤት ሳይቀር፣ ማኪያቶው አያሳፍርም። ለምን ይሆን ብለን ስንከራከር የደረስንበት ይሄ ነው። በማኪያቶ ማንም ይሉኝታ አያውቅም! «ጠቆር ይበል»፣ «ነጣ አድርጊልኝ»፣ «ወተቱ አልሞቀም፣ መልሺው» እንላለን። በሽሮ ያጎነበሰው ሰውዬ በማኪያቶ ዳኛ ነው። ማሽኑ ላይ የቆመችው ልጅ በቀን መቶ ጊዜ ስለምትታረም ነው ጎበዝ የሆነችው።

ቁርጥ ቤትም እንደዚያው ነው። ሥጋው ተሰቅሎ ይታያል፣ ቆራጩ ፊት ለፊት ቆሟል፣ በጣት «ከዚህ ጋ» ይባላል። አስተናጋጅ ፊት ትንፍሽ የማይል ሰው እዚያ ሲደርስ «ይሄማ ጅማት ነው፣ አንሳው!» ብሎ ይጮሃል። ማንም አይቀየምም። ሚዛኑ ይስተካከላል፣ ሰውየው ይበላል። የሠራውን ሰው ስናየው ምላሳችን ይፈታል ማለት ነው።

ወደ ቅቤው እንመለስ፤ ከሁሉም ያመመን እሱ ነው። ክትፎ ቢበስል የሚበላሸው ጣዕሙ ነው። የጾመኛ ሽሮ ውስጥ ቅቤ ሲገባ ግን የተበላሸው እምነት ነው፤ በሁለቱም ትርጉሙ። ልብ ብላችሁ እንደሆነ በሁዳዴ 55 ቀን ይሄ ችግር ብዙ አያጋጥምም። ከተማው አብሮ ይጾማል፣ ሉካንዳው ይዘጋል፣ ኪችን ውስጥ ቅቤው ራሱ ከመደርደሪያ ይወርዳል። ችግሩ ያለው ተራ ረቡዕ ላይ ነው። ጾሙና ፍስኩ በአንድ ምድጃ፣ በአንድ መጥበሻ፣ በአንድ ጭልፋ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ሰዓቱ ስድስት ተኩል ነው፣ ሰው ተሰልፏል፣ ማብሰያው ወላፈን ነው። ማንም ለክፋት ብሎ አያደርገውም። ሙስሊሙ ጓደኛችን ደግሞ ዓሣ ሲያዝ ቀስ ብሎ «ዘይቱ ለብቻ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «አዎ» ይሉታል። ያያቸዋል። ከዚያ «በቃ ሽሮ ይሁንልኝ» ይላል። አሁን ሽሮውም ሲጠረጠር ልጁ ምን ይብላ?

ታዲያ ለምን ዝም አልን? እርስ በርስ ተጠያይቀን ነበር። አንዳችን ይሉኝታ አለ፣ አንዷ ፉክክር መስሎ እንዳይታይ አለች። ጾመኛዋ ግን «ልጁ አሳዘነኝ» አለች። እዚህ ላይ ሁላችንም ዝም አልን፣ ምክንያቱም እውነቷን ነው።

ከዓመት በፊት አንዲት የምናውቃት አስተናጋጅ (ያኔ ሌላ ቤት ነበር የምትሠራው) «ምግብ ከተመለሰ ከኔ ነው የሚቆረጠው» ብላ ነግራናለች። ብርጭቆ ከተሰበረም ከእሷ፣ ደንበኛ ሳይከፍል ከወጣም ከእሷ። ሒሳቡ ላይ የሚጨመረው አገልግሎትስ ስንላት ሳቀች። «እናንተ ካገኛችሁት ንገሩኝ» አለችን።

እስቲ ሒሳቡን እናስላው። ብዙ ቦታ ሜኑው ላይ 100 ብር የተባለው ምግብ 10 በመቶ አገልግሎት ተጨምሮበት 110 ይሆናል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲመጣ 126 ብር ከ50 ሳንቲም። ቫቱ የመንግሥት ነው፣ ገባን። 10 ብሩስ? «አገልግሎት» ተብሎ የተጻፈው ያገለገለችን ልጅ ጋ የሚደርስ መስሎን፣ ብዙዎቻችን ጉርሻ ሳንተው ነው የምንነሳው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ብታዩት ደሞዝ የማይባሉትን ክፍያዎች ሲዘረዝር ከደንበኛ የሚገኘውን የአገልግሎት ክፍያም አብሮ ይጠራዋል። ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል ደግሞ አዋጁ ራሱ በቁጥር አላስቀመጠም። የሚያካፍል ቤት አለ፣ እግዜር ይስጠው። የማያካፍለውን እኛ ከጠረጴዛችን ሆነን አንለየውም። ልጆቹ ግን ያውቁታል፤ ጠይቋቸው።

እንግዲህ ይታያችሁ። ጭልፋውን ያልለየው ኪችን ነው፣ ጭልፋ ያልገዛው ባለቤቱ ነው፣ ቅጣቱ የሚያርፈው ግን መሀል ላይ የቆመው ልጅ ጋ ነው። እኛም ይሄ ስለሚሰማን ዝም እንላለን። ዝም ስንል ደግሞ ቀጣዩ ጾመኛ ያንኑ ቅቤ ይጎርሳል።

ካዛንቺስ እንዲህ አልነበረም። ካዛንቺስ ውስጥ ምሳ የምንበላባት አንዲት ቤት ነበረች፤ ስድስት ጠረጴዛ፣ አንድ ምድጃ፣ አንዲት እማማ። ምድጃው ከጠረጴዛው አይለይም፤ ሽንኩርቱ ሲቁላላ ልብሳችን ይሸታል፣ ቢሮ ስንመለስ ምን እንደበላን ሁሉም ያውቃል። እዚያ ሜኑ የለም። «ዛሬ ምን አለ እማማ?» ነው። ምስሩ ከቀጠነ «እማማ፣ ዛሬ ምስሩን ቆጠሩት እንዴ?» እንላቸዋለን። «ዝም ብለህ ብላ፣ አንተ አፈኛ!» ይሉና ጭልፋቸውን ይዘው መጥተው ይጨምራሉ። የጾሙና የፍስኩ ጭልፋ ለየብቻ ምስማር ላይ ይሰቀል ነበር። ማንም አዟቸው አይደለም። እሳቸውም ጾመኛ ናቸው።

በ2017 ካዛንቺስ ለልማት ሲነሳ ያቺ ቤት አብራ ተነሳች። እማማ ወዴት እንደሄዱ አጠያይቀናል፤ አንዱ ገላን ይላል፣ አንዱ ልጃቸው ጋ ይላል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ያምራል፣ የሚካድ አይደለም። ምሳ ግን ወደ መስታወት ቤት ገባ። ኪችኑ ከግድግዳ ጀርባ ሄደ። በኛና በምድጃው መሀል አስተናጋጅ፣ ሱፐርቫይዘር፣ ካሸርና ማናጀር ተሰለፉ። «አንተ አፈኛ» ቀርቶ «ጌታዬ» ተባልን። ጌታ ከተባለ በኋላ ደግሞ ስለ ምስር መቅጠን ማን ያወራል?

ለማንኛውም በሳምንቱ፣ ረቡዕ፣ እዚያው ቦሌ ተመለስን። ልጁ አስታወሰን። ሳናዝ በፊት ነገርነው፤ ባለፈው ሽሮው ቅቤ ነበረው፣ ዋሽተንህ ነው የሄድነው፣ የከፈልነውን መልሱ አንልም፣ ካንተም እንዳይቆረጥ፣ ግን የሠራውን ሰው ብናገኘው ደስ ይለናል። ልጁ ተጨነቀ። ማናጀሯ መጣች። እሷም ተጨነቀች። በመጨረሻ አብሳዩ ሽርጡ ላይ እጁን እየጠረገ ወጣ፤ ከኛ የሚያንስ ልጅ ነው። እኛ የተዘጋጀነው ለክርክር ነበር።

«አንድ ጭልፋ ነው ያለን» አለ። «እያጠብኩ ነው የምሠራው፣ ሰው ሲበዛ ግን…» ጨረሰውና ወደ ማናጀሯ አየ። ማናጀሯም ጭልፋ እኮ ጠይቀህ አታውቅም አለችው። እሱም ማንም ቅሬታ አቅርቦ አያውቅም አለ፤ ስምንት ወር ሠርቷል፣ ከደንበኛ አንድም ቃል ሰምቶ አያውቅም። ክፉም ደግም።

ያን ቀን መጥበሻውን በሙቅ ውኃ አጥቦ፣ ሽሮውን በማንኪያ አማስሎ ራሱ ይዞልን መጣ። ጨው በዝቶበት ነበር፤ ነገርነው። ሳቀ። ማናጀሯ ጭልፋው እስከ አርብ ይገዛል ብላናለች። አርብ ምሳ እዚያው ነን።