አምስት ዲስክ በአንድ ሳጥን

ባለፈው ጥቅምት በትምህርት ቤታችን ጽሕፈት ቤት የሆነውን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። የአራት ዓመት ሮስተር፣ የተማሪዎች ፎቶግራፍና የፈተና ጥያቄዎች የተቀመጡበት ኮምፒውተር አምስት ሃርድ ዲስኮች ነበሩት። አንዱ ተበላሸና አዲስ ተተካ፤ በዚያው ሌሊት ሁለት ሌሎች ተከተሉት። ጠዋት የሬኮርድ ሠራተኛዋ ስትገባ የሚከፈት ፋይል አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በወላጆች ስብሰባም በመምህራን ማረፊያም የሚነገረው አንድ ነገር ነው፤ «መብራቱ ነው የጎዳን» ይባላል። ጅቡቲ ውስጥ መብራት እንደሚሄድና እንደሚመጣ፣ በበጋው ካምሲን ሲነፍስ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ እንደሚያልፍ ማንም አይክድም። ሆኖም ሁሉንም በመብራት ማሳበብ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው። መብራቱ አንድ ቀን ሳይጠፋም ዲስኮቹ ተከታትለው ሊሞቱ ይችሉ ነበር።

አሠራሩ ሬይድ ይባላል። መረጃው በአምስቱም ዲስኮች ላይ ተበትኖ ይቀመጣል፤ አብሮትም ማመሳከሪያ የሚሆን ስሌት ይጻፋል። የአራት ተማሪዎችን ማርክ ድምር የምታውቁ ከሆነ የአንዱ ማርክ ቢጠፋባችሁ በመቀነስ ታገኙታላችሁ። የሁለቱ ከጠፋ ግን ድምሩ ብቻውን አይረዳችሁም። የእኛም ኮምፒውተር የአንድ ዲስክ ሞት ብቻ እንዲችል ነበር የተዘጋጀው።

«ሁለት ሦስት ዲስክ በአንድ ሌሊት እንዴት ይሞታል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። አንድ ዲስክ በዓመት የመበላሸት ዕድሉ ከመቶ 2 ነው እንበል። ፕሮባቢሊቲ የተማሩ ልጆቻችን 0.02 በ0.02 አባዝተው ሁለት የተመረጡ ዲስኮች በአንድ ዓመት የመበላሸታቸው ዕድል ከ2,500 አንድ ነው ይሉናል። ስሌቱ ልክ የሚሆነው ግን የአንዱ ዕጣ ከሌላው ጋር ካልተያያዘ ነው። የእኛዎቹ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ካርቶን የመጡ ናቸው። በአንድ ሳጥን ውስጥ፣ በአንድ ሶኬት፣ እኩል ሰዓት ሠርተዋል። ለሦስት ልጆቹ በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ጫማ የገዛ ወላጅ ሦስቱም ባንድ ሰሞን ሲቀደዱ አይቷል።

ሌላም አለ። አዲስ ዲስክ ሲተካ ኮምፒውተሩ የጎደለውን ለመሙላት የቀሩትን ዲስኮች ከዳር እስከ ዳር ለሰዓታት ያነባል። በቀን ጥቂት ፋይል እየከፈተ ሲንፏቀቅ የኖረ የደከመ ዲስክ የሚወድቀው በዚህ ሰዓት ነው።

ይህ የድሃ ትምህርት ቤት ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 ሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ ከሸጣቸው የኤስኤስዲ ዲስኮች አንዳንዶቹ ማስተካከያው ሶፍትዌር ካልተጫነባቸው ልክ 32,768 ሰዓት እንደሠሩ እንደሚሞቱ አስታወቀ። ይህም 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ዲስኩም መረጃውም አይመለስም። በአንድ ቀን ሥራ የጀመሩ ዲስኮች ሰዓታቸው እኩል ይሞላል ማለት ነው። (ቁጥሩ 2 ለ15 ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚገኘው መሆኑን ያስተዋለ ተማሪ ካለ፣ አይሲቲ መምህሩ ዘንድ ሄዶ ለምን እንደሆነ ይጠይቅ።)

አሁን የወላጅ መምህር ህብረት ፊት የቀረበው ሐሳብ ገንዘብ ተዋጥቶ ስምንት ዲስክ ያለው ትልቅ ኮምፒውተር ይገዛ የሚል ነው። እኔ አልስማማም። ስምንቱም በአንድ ካርቶን ይመጣሉ፣ በአንድ ክፍል ይቀመጣሉ፤ ሌባ ቢገባ ወይም ውሃ ቢገባ ስምንቱም አብረው ይሄዳሉ። ደግሞም ሬይድ በስህተት የጠፋን ፋይል አይመልስም፤ ከአንዱ ላይ ሲሰረዝ ከሁሉም ላይ ይሰረዛል። በዚያ ገንዘብ እጅግ ባነሰ ዋጋ የተለያየ ፋብሪካ ምርት የሆኑ ሁለት ተንቀሳቃሽ ዲስኮች በተለያየ ጊዜ መግዛት ይቻላል። አንዱ ጽሕፈት ቤት ይቆለፍበት፤ ሌላው ከግቢው ውጭ ይቀመጥ፤ በየሳምንቱ ይቀያየሩ። በየሴሚስተሩ ደግሞ አንድ ሰው አንድ ሮስተር ከዲስኩ አውጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ይክፈተው። ተከፍቶ ያልታየ ኮፒ እንደሌለ ይቆጠራል።

አንዳንድ ወላጆች «የልጆቻችን ማርክና ፎቶ ከግቢ ወጥቶ ማን እጅ ይገባል?» ይላሉ። ትክክል ናቸው። ስለዚህ ዲስኩ በይለፍ ቃል የተመሰጠረ ይሁን፤ የይለፍ ቃሉም በታሸገ ፖስታ ርዕሰ መምህሩ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ። በዚህ አጋጣሚ፣ የሞቱት ሦስት ዲስኮች አሁንም መጋዘን ጥግ ወድቀዋል። ለቁራሌው እንዳይሸጡ። ለእኛ አልከፈት አሉ እንጂ ለባለሙያ ላይከፈቱ ይችላሉ ብሎ መተማመን አይቻልም። እየደጋገሙ በመሰካት «ዛሬ ይነሣ ይሆን» ማለትም ይቅር፤ ሊተርፍ የሚችለውን መረጃ ይጨርሰዋል።

በዚህ ዓመት ወደ አገር ቤት ለተሻገሩ ተማሪዎች ትራንስክሪፕት የተሠራው ከምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ነባር መምህራን ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ካቆዩት በእጅ ከተጻፈ ማርክ ሊስት ነው። የአንዲት ልጅ የ9ኛ ክፍል የኬሚስትሪ ውጤት የተገኘው ጡረታ ከወጡ መምህር ደብተር ላይ ነበር፤ እስኪገኝ ድረስ ሦስት ሳምንት ፈጅቷል፤ እሷ የምትመዘገብበት ቀን ሊያልፍ አራት ቀን ሲቀረው። ስለዚህ ሮስተሩ በየሴሚስተሩ ታትሞ፣ ተፈርሞበትና ማኅተም አርፎበት ይጠረዝ እላለሁ። ወረቀት ምስጥ ይበላዋል እንጂ 32,768 ሰዓት ሞላብኝ አይልም።

የቀረው ጥያቄ ሁለተኛው ዲስክ ማን ቤት ይደር፣ በየሳምንቱስ ማን ይቀይረው የሚለው ነው። ለሚቀጥለው የህብረቱ ስብሰባ አጀንዳ አስይዣለሁ፤ «ኮሚቴው» የሚል ሳይሆን የአንድ ሰው ስም በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር እጠይቃለሁ።